ሐረር ላይ ሴቷ ጅብ ታዛለች፣ ደንገጎ ላይ ወንዱ ዝንጀሮ፤ ለምን?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ዶክተር፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችንን ይዘን ሐረር ጅብ ሲመገብ ልናሳያቸው ወጣን። ደንገጎ ላይ ቆመን ለዝንጀሮዎቹ ሙዝ ስንወረውር አንዱ ጎፈራም ወንድ ሴቷን አንገቷን ነክሶ ጎተታት። እሷ ደግሞ መሸሽ ሲገባት ተከተለችው! ማታ ሐረር ላይ ተቃራኒውን አየን። ሁለት ጅቦች ስጋ ሲቀበሉ አንዲት ወፍራም ጅብ መጣች። ሁለቱም ጭራቸውን ሸጉጠው ዞር አሉላት። መጋቢው ‹እሷ ሴት ናት፣ እነዚያ ወንዶች ናቸው› አለን። አጎቴ ግን ‹ጅብ እኮ ወንድም ሴትም ነው፣ በምን ለየኸው?› ብለው ተከራከሩት። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ነገሩ እንዴት እንዲህ ይገለባበጣል? ደግሞስ ሙዝ መወርወራችን ጥፋት ነው?»

አቦ፣ ይሄ ጥያቄ ደስ ይላል። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያይ መንገደኛ ብዙ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ነገሩ የጉልበት ብቻ አይደለም። በሁለቱም ቦታ የሚያዘው ከዘመዶቹ ጋር የኖረው ነው፤ የሚታዘዘው ከዘመዶቹ የተለየው ነው። በጅብ ዘንድ ከቤት የሚወጣው ወንዱ ነው። በደንገጎው ዝንጀሮ ዘንድ ደግሞ ከእናቷ ጉያ የምትወሰደው ሴቷ ናት። ማን ይቀራል ማን ይሄዳል የሚለውን የሚወስኑት የምግቡ አገኛኘትና የስሪያው ነገር ናቸው። ረጅሙ መልስ ከዚህ ይቀጥላል።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። እኛም መጀመሪያ ከሆድ እንነሳ።

ሐረር የምናየው ዥንጉርጉሩ ጅብ ነው። ውሻ ይመስላል እንጂ በዘሩ ለድመት ወገን ይቀርባል። በዓለም ላይ ያሉት የጅብ ዓይነቶች 4 ናቸው፤ ከሁሉም ትልቁ ይሄ ነው። ስሙ በጥንብ በላተኝነት ጠፍቷል። ሃንስ ክሩክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ ንጎሮንጎሮና ሰረንጌቲ ላይ ሌሊት ሌሊት እየተከተለ ሲያጠናው ግን ሌላ እንስሳ ሆኖ አገኘው። የሚበላውን አብዛኛውን ራሱ አሳዶ የሚገድል አዳኝ ነው። ንጎሮንጎሮ ላይ ጠዋት የሚደርስ ቱሪስት አንበሳ ሲበላና ጅብ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ያያል። «ጅቡ ትርፍራፊ ፈልጎ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሌሊት የገደለው ጅቡ ነበር። አንበሳው ጩኸቱን ሰምቶ መጣና ቀማው።

አሁን አንድ የሜዳ አህያ ወደቀ እንበል። ሃያም ሠላሳም ጅብ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ መሬት ላይ የሚቀር ነገር የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጅብ በአንድ ማዕድ 14 ኪሎ ገደማ መዋጥ ይችላል። አጥንቱን በመንጋጋው ይሰብራል፣ ጨጓራው ደግሞ የተሰበረውን ያሟሟል። ሐረር ዙሪያ ነጭ የደረቀ ኩስ አይታችሁ ከሆነ ንጣቱ የመጣው ከአጥንቱ ካልሲየም ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማዕዱ አንድ ነው፣ በላተኛው ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ማን ስንት ደቂቃ ከስጋው ጋር ቆየ የሚለው ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዞር በል የተባለ ጅብ ጦሙን ሊያድር ይችላል። በጅብ ዓለም ደረጃ ማለት ይሄ ነው።

«የጅብ ሳቅ» የምንለው ድምፅም ከዚሁ የመጣ ነው። ጅቡ ደስ ብሎት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ስጋ በአፉ ይዞ ሌላው ሲያባርረው ወይም ሲነክሰው ነው። ተጨንቋል ማለት ነው። ድምፁን በመሣሪያ የመረመሩ ሰዎች የሳቁ ቅጥነትና አወጣጥ የባለቤቱን ዕድሜና ደረጃ እንደሚናገር አሳይተዋል። ሌሊት ከሩቅ የምንሰማው «ኡ-ው-ውፕ» ግን ሌላ ነው። እሱ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ «እኔ እዚህ ነኝ» የሚል ጥሪ ነው።

ሐረር ላይ ያየኸው ለምን ጨዋ መሰለ? ምክንያቱም ስጋው የሚመጣው ቁራጭ በቁራጭ፣ ከአንድ እጅ ነው። ጥድፊያ የለም። የሚፎካከሩበት ነገር ከመጋቢው ፊት ያለችው አንዲት ቦታ ብቻ ናት። ዱር ውስጥ በአቧራና በጩኸት ተሸፍኖ የሚያልፈው ደረጃ እዚያ በመኪና መብራት ፊት ለፊት ይታያል። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ሐረር ሄዳችሁ እዩ የምላቸው። ሰዉ ሁሉ የሚያየው መጋቢዎቹን፣ ድሮ ጋሽ ዩሱፍ ሙሜን፣ በኋላ ልጃቸውን አባስን፣ በአፍ የሚሰጠውንም ስጋ ነው። እኔ የማየው ወደ ኋላ ያፈገፈገውን ነው።

እንግዲህ ወደዚያች ወፍራም ሴት እንመለስ። ሁለቱ ወንዶች ለምን ለቀቁላት?

በአማካይ ሴት ጅብ ከወንዱ በክብደት አስር በመቶ ገደማ ትበልጣለች። ይሄ ልዩነት ትንሽ ነው። ብዙ ወንዶች ከብዙ ሴቶች ይከብዳሉ፤ ግን ይሸሻሉ። ስለዚህ ኪሎ አይደለም ምስጢሩ።

የጅብ መንጋ ሥርወ መንግሥት አለው። ደረጃ የሚወረሰው ከእናት ነው። ግልገሏ ገና ስትድህ ከሌላ ግልገል ጋር ስትጣላ እናቷ ትመጣለች። የዚያችኛዋ እናት ዝቅ ያለች ከሆነች ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ይሄ ሲደጋገም ግልገሏ ማንን ማባረር እንደምትችል ትማራለች። ጥቂት ወራት ሲያልፉ እናቷ ባትኖርም ያው ነው፤ ትልልቅ ጅቦች ለአንዲት ጩጬ ቦታ ይለቃሉ። እናት ሁሌም ለትንሿ ስለምታደላ ታናሽ ከታላላቅ እህቶቿ በላይ ትቀመጣለች። የቤት የመጨረሻ ልጅ የሆነ ሁሉ ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። ተመራማሪዎቹ ንጎሮንጎሮ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የተመዘገቡ የአንድ ለአንድ ግጥሚያዎችን አገላበጡ። ማን አሸነፈ? ከጀርባው ብዙ ደጋፊ ሊመጣለት የሚችለው። ወንድም ይሁን ሴት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ። ተወልዶ ባደገበት መንጋ ውስጥ ያለ የትልቅ ቤተሰብ ወንድ ልጅ ዝቅ ያለችን ሴት ያባርራል። ሴቶች በጥቅሉ የሚያዙት ዘመዶቻቸው እዚያው ስላሉ ነው። ወንዶች በጥቅሉ የሚታዘዙት ዘመድ ወደሌለበት ስለሄዱ ነው።

ታዲያ ወንዱ ለምን ይሄዳል? እናቱ ካለችበት፣ ስሙ ከታወቀበት፣ ስጋ በክብር ከሚበላበት ቤት?

እዚህ ላይ ነው ስሪያው የሚገባው። ለብዙ ጊዜ መልሱ «ሌሎች ወንዶች ስለሚያባርሩት» ይመስል ነበር። በጅብ ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ንጎሮንጎሮ ውስጥ በ8 መንጋዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወሳኟ ሴቷ መሆኗን አሳየ። ወጣት ሴት ጅብ አንድ ቀላል ደንብ አላት። እሷ ስትወለድ መንጋው ውስጥ የነበረን ወንድ አትፈልግም። ከእሷ በኋላ የተወለደን ወይም የመጣን ትመርጣለች። አባቷን በመልክ ማወቅ አያስፈልጋትም። ደንቡ ብቻውን ከአባትና ከታላቅ ወንድም ይጠብቃታል። ወንዱ ደግሞ ይሄን ተከትሎ ወጣት ሴቶች ወደሚበዙበት መንጋ ይሰደዳል። አንዳንዱ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፤ አብዛኛው ግን ይወጣል።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንላለን። ተረቱን የፈጠረው ሰው ወንድ ጅብ አዲስ መንጋ ሲገባ አላየም ማለት ነው! ቁርበቱ ቀርቶ መቆሚያ አይሰጠውም። አንገቱን ደፍቶ፣ ጭራውን ሸጉጦ፣ ከሁሉም በታች ይጀምራል። ከእሱ በፊት ከመጡት ወንዶች ሁሉ ቀጥሎ ነው። ከፍ የሚለውም ከፊቱ ያሉት ሲሞቱ ወይም ሲሄዱ ነው። ልክ የቀበሌ ዘይት ሰልፍ ማለት ነው፤ ጡንቻ ሳይሆን ቀድሞ መምጣት ነው የሚያስቀድመው። ሐረር ላይ ያየሃቸው ሁለቱ ወንዶች እንዲህ ያሉ መጤዎች ቢሆኑ አይገርመኝም።

አጎትህ ያነሱት ነገርም ከዚህ ጋር ይገናኛል። የሚሉት ከሜዳ የመነጨ አይደለም። ያዩት ነገር አለ። ግን ጅብ ወንድም ሴትም አይደለም። ወንዱ ወንድ ነው፣ ሴቷም ሴት ናት፤ ጾታው በሕይወት ዘመኑ አይለዋወጥም። ግራ የሚያጋባው የሴቷ ብልት ነው። ቂንጥሯ ረዝሞ የወንድ ብልት ይመስላል፤ ይቆማልም። ከሥሩ ከንፈሮቹ ገጥመው የወንድ ቆለጥ መስለዋል። ሌላ በር የላትም። ሽንቷን የምትሸናው፣ የምትሰረረው፣ የምትወልደውም በዚያው ነው። ለዚህ ነው ከጥንት ጀምሮ አዋቂ ነን ያሉ ሰዎች ሁሉ የተሳሳቱት። መጋቢዎቹ የሚለዩት በልማድ ነው፤ ያጠባች ሴት ጡቷ ይታያል፣ አካሏም ደልደል ያለ ነው። ቀርቦ ማየት ለሚችል ሰው ደግሞ የወንዱ ብልት ጫፉ ሾል ያለ ነው፣ የሴቷ ደልዳላ ነው። መቼም ማታ በባትሪ ይሄን ልትፈትሽ እንደማትሄድ አምናለሁ።

ይሄ አካል ዋጋ ያስከፍላታል። የመጀመሪያ ወሊድ ከባድ ነው። መንገዱ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ብዙ ግልገሎች ታፍነው ይሞታሉ፤ እናቲቱም ልትሞት ትችላለች። ታዲያ ተፈጥሮ ይሄን ለምን ተሸከመችው? በመጀመሪያ ሁሉም ወደ ወንድ ሆርሞን ነበር የጠቆመው። በምርኮ ባሉ እርጉዝ ጅቦች ላይ ሆርሞኑን በመድኃኒት ሲከለክሉ ግን ሴት ግልገሎቹ ያው ብልት ይዘው ተወለዱ። ስለዚህ ሆርሞን ብቻውን መልስ አይሆንም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ወንዱ ሴቷን አስገድዶ መስረር አይችልም። እሷ ቆማ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ያንን አካል ወደ ውስጥ ካልሰበሰበችለት ምንም የሚሆን ነገር የለም። ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው።

ለዚህ ነው የወንድ ጅብ ፍቅር ትዕግሥት የሚጠይቀው። ሲጠጋት አይታችሁ ከሆነ ያስቃል። ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንገት ደፋ፣ ዞር አለችበት፣ ሮጠ፣ ተመለሰ። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት እንዲህ እየተከተላት ይቆያል። ሴቷን የሚያስቸግሩና የሚያዋክቡ ወንዶች አባት የመሆን ዕድላቸው አያድግም። ረጅም ጊዜ በሰላም አብረዋት የቆዩት ናቸው የሚያገኙት። መንታ ከወለደች ደግሞ ሁለቱ ግልገሎች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል።

ሰላምታቸውም በዚያው አካል ነው። ሁለት ጅቦች ሲገናኙ ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ቆመው አንድ የኋላ እግራቸውን ያነሳሉ፤ ይሸታተታሉ። ዝቅ ያለው ቀድሞ ያነሳል። ይህን ያህል ጥርስ ላለው እንስሳ ስስ ገላን ለሌላው አፍ መስጠት ትልቅ መተማመን ነው። አጎትህ አይተው የተከራከሩበት ነገር ምናልባት ይሄ ሰላምታ ሊሆን ይችላል።

የግልገሎቹን ነገር ሳልነካ አላልፍም፤ ምግብና ደረጃ ከዚያ ይጀምራሉና። እርግዝናው 110 ቀን ገደማ ነው። ግልገሎቹ ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርሳቸው በቅሎ ይወለዳሉ። መንታ ከሆኑ በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ይነካከሳሉ። ያሸነፈው ጡት ላይ ቅድሚያ ያገኛል። ወተት ከበዛ ሁለቱም ያድጋሉ፤ ካነሰ ደካማው ይሞታል። እናት የምታጠባው የራሷን ልጅ ብቻ ነው። ማጥባቱም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ይሄ ለሥጋ በል እንስሳ እጅግ ረጅም ነው። ሰረንጌቲ ላይ ዝቅ ያሉ እናቶች የሜዳ ከብቱ ሲሰደድ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው በልተው ይመለሳሉ፤ ግልገሎቹ ለቀናት ጦማቸውን ይቆያሉ። ከፍ ያለችው እናት ግን ቅርብ በተገኘው ላይ ቅድሚያ አላት። ልጆቿ ቶሎ ያድጋሉ፣ ሴት ልጆቿም ቀድመው ይወልዳሉ። በማዕድ ላይ የምትገኝ አንዲት ደቂቃ በስተመጨረሻ የልጅ ልጅ ትሆናለች።

የእኛ አገር ጅብ ደግሞ አዳኝም ሆነ ለቃሚ እንደ አገሩ ይሆናል። ትግራይ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በጣም ይገርመኛል። ተመራማሪዎቹ ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ የቀረውን ጸጉር መረመሩ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር የተገኘው 15 በመቶ ገደማው ውስጥ ነበር። በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ከሥጋ ሲጾም ልኳንዳው ይዘጋል፣ ትርፍራፊው ይቀራል፣ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። ሐረር ላይ ጾምና ፍስኩ እንዲያ ተጠቃሎ በአንድ ጊዜ ስለማይመጣ ቄራውና ልኳንዳው ዓመቱን ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የጁገል ግንብ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ የተተወለት፣ በአሹራ ገንፎ በቅቤ የሚቀርብለት ጅብ ሰው አጠገብ ረጋ ብሎ መቆሙ አይግረምህ። ከሰው ጋር መኖር ያዋጣዋል። ከተማ ገብቶ ጅን ይበላል የሚለውን ለሽማግሌዎቹ እተዋለሁ።

አሁን ወደ ደንገጎ እንውረድ።

እዚያ ያያችሁት ሃማድርያስ የሚባለው ዝንጀሮ ነው። ወንዱ ትከሻው ላይ ብርማ ጎፈር አለው፤ ክብደቱም የሴቷ እጥፍ ይሆናል። ይሄ እንስሳ በዓለም ሳይንስ ስሙ የተነሳው በእኛው ሰፈር ነው። ሃንስ ኩመር የሚባል የስዊስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960 እና 61 ከባልደረባው ጋር ኤረር ጎታ ሰፈረ። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለችው ማለቴ ነው። ገደል ላይ የሚያድሩትን ዝንጀሮዎች ተከትሎ ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ይሄድ ነበር። ዛሬ ስለዚህ ዝንጀሮ የምናውቀው መሠረቱ የእሱ ሥራ ነው። ድሬ ውስጥ ይሄን የሚያውቅ ሰው አለማየቴ ይቆጨኛል።

የዚህን ዝንጀሮ ኑሮ ለመረዳት አገሩን ማሰብ ነው። ደረቅ ነው። የግራር አበባ፣ ፍሬው፣ የሣር ዘር፣ ሥራ ሥር። አንድ ግራር አምስት ዝንጀሮ ያጠግብ ይሆናል እንጂ መቶ አያጠግብም። ስለዚህ ቀን ቀን በጣም ትንንሽ ቡድን ሆኖ መበተን ግድ ነው። ማታ ደግሞ ነብርና ጅብ አለ። አስተማማኝ ገደል ጥቂት ስለሆነ መቶዎች አንድ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ቀን ብትንትን፣ ማታ ግርግር።

ወንዱ መፍትሔ ያደረገው ሴቶቹን በዓይኑ ሥር መያዝ ነው። አንድ ወንድ፣ ሁለት ሦስት ሴት፣ ልጆቻቸው፤ አንዳንዴም አንድ ተከታይ ወጣት ወንድ። ይሄ ቤተሰብ ቀንም ማታም አይለያይም። ሴቷ ወደ ኋላ ከቀረች ወይም ወደ ሌላ ወንድ ከተጠጋች መጀመሪያ ትኵር ብሎ ያያታል። ካልገባት አንገቷን ይነክሳታል። ንክሻው ብዙ ጊዜ አያቆስልም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እሷም ወደ ነካሹ ትሮጣለች። አንተን የገረመህ ይሄ ነው፤ ኩመርንም ገርሞታል። ብዙ እንስሳ ከሚነክሰው ይሸሻል።

ለምን አትሸሽም? ወዴት ትሸሻለች! በአብዛኞቹ ሌሎች የዝንጀሮ ዓይነቶች ዘንድ ሴት የምትኖረው ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ነው። ወንድ ቢያስቸግራት ይደርሱላታል። በሃማድርያስ ዘንድ ግን ወጣቱ ወንድ ገና ያልደረሰች፣ የአንድ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ አባብሎ ይወስዳል። ያዝላታል፣ ያቅፋታል፣ ሲያስፈራት ያባብላታል። ለስሪያ የምትደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ እሱን መከተል ለምዳለች። ወንዶቹ ግን ከአባታቸውና ከወንድሞቻቸው ብዙም አይርቁም። የዘር ምርመራም ይሄን አጽንቶታል። ከሐረሩ ጅብ ጋር አስተያየው። እዚያ ብቻውን የቆመው ወንዱ ነው፣ እዚህ ብቻዋን የሆነችው ሴቷ ናት።

ኩመርና ባልደረቦቹ የሠሩት አንድ ሙከራ አለ፤ ሳወራው አልሰለችም። አዋሽ አካባቢ ሌላ ዓይነት ዝንጀሮ አለ፣ አኑቢስ የሚባለው። ሴቶቹ ለማንም ወንድ ተከታይ አይደሉም። ከእነዚህ ሴቶች ይዘው ሃማድርያስ መንጋ ውስጥ ለቀቁ፤ ወንዱ ወዲያው የእኔ ናት አለ፣ ነከሰ። አኑቢሷ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መከተል ተማረች። ከዚያ የተገላቢጦሹን አደረጉ። የሃማድርያስ ሴት አኑቢስ መንጋ ውስጥ ስትገባ የሚነክሳት ስለሌለ መከተሉን በአጭር ጊዜ ተወችው። የሴቷ መታዘዝ እንግዲህ የተማረችው ነው። የወንዱ መጠበቅ ግን ከደሙ ያለ ይመስላል። አዋሽ ላይ የሁለቱ ዲቃላ የሆኑ ወንዶች ሴት ለመሰብሰብ ይሞክራሉ፤ ግማሽ ልብ ሆነው ግን አይሳካላቸውም።

ሌላም ሙከራ አለ። አንድን ወንድ ከአዲስ ሴት ጋር ለ15 ደቂቃ ያህል አንድ ላይ አደረጓቸው። ሌላ ወንድ ከአጠገብ ሆኖ ያያል። ከዚያ እሱንም አስገቡት። ጉልበተኛ ቢሆንም አልተጣላም። ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፣ ራሱን አከከ፣ ጠጠር እየነካካ ወዲያ ወዲያ አየ። የሰው ሚስት አላየሁም ዓይነት ነገር! በኋላ የተሠራ ጥናት ደግሞ አንድ ነገር ጨመረበት። ሴቷ ባሏን እምብዛም የማትወደው ከሆነ ኃይለኛው ወንድ ያንን አክብሮት ይተወዋል። ስለዚህ እሷም ሙሉ ለሙሉ ድምፅ አልባ አይደለችም።

ብልሃትም አላት። ከሌላ ሴት ጋር ስትጣላ ሮጣ ባሏ ፊት ትቆማለች፤ ኋላዋን ለእሱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ባላንጣዋ አዙራ ትጮሃለች። ባላንጣዋ መልስ ብትሰጥ ወንዱን ያስፈራራች ይመስልባታል። ዘመድ የሌላት ሴት ያላትን አንድ ደጋፊ እንዴት እንደምትጠቀምበት ተመልከት።

በመጨረሻ ሙዙ። አዎ፣ ጥፋት ነው። ልቆጣህ ፈልጌ አይደለም፤ እኛ ሁላችን ልጅ ሆነን ወርውረናል። ግን ያቺ ሴት ለምን እንደተነከሰች አሁን ማየት ትችላለህ። የዚህ ዝንጀሮ ቤተሰቦች ቀን ቀን ተራርቀው የሚበሉት ምግቡ ስለተበታተነ ነው። ከመኪና መስኮት የወደቀ ሙዝ ግን ሁሉንም አንድ ቦታ ይጠራቸዋል። የማይተዋወቁ ወንዶች በሁለት ሜትር ርቀት ይቆማሉ። እያንዳንዱ ሴቶቼ ሊወሰዱብኝ ነው ብሎ ይጨነቃል። ሴቷ ሙዙን አይታ ሁለት እርምጃ ወደ ሌላው ስትጠጋ ይነክሳታል። ሙዙ ባይኖር ኖሮ ያ ንክሻ ባልመጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ ውጭ ያለውን ሹፌሮች ያውቁታል። መኪና ሲቆም የሚሮጥ ዝንጀሮ መታጠፊያው ላይ ይገጫል። ምግብ የለመደ ወንድ ደግሞ የልጅ እጅ ላይ ያለን ብስኩት ለመቀማት አይፈራም፤ የክራንቻ ጥርሱ ረጅም ነው። ማየት ከፈለጋችሁ መስኮት ዘግታችሁ፣ ከመንገድ ወጣ ብላችሁ፣ ምንም ሳትሰጡ ተመልከቱ። ደህናው ሰዓት ማለዳ ነው። ከገደሉ ወጥተው ጉዞ ሳይጀምሩ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ፤ ሴቶቹ የወንዱን ጎፈር ይቀምላሉ፣ ልጆቹ ይጫወታሉ። ዘመዶችህን ይዘህ ከድሬ በጊዜ ውጣ፤ ጅቡ እንደሆነ ማታ ነው።